አገር ስጠኝ፦ በባሕር ዳር የሬዲዮ መዝናኛ ፕሮግራም ሰሚውን ማሳተፍና ቀልዱን ማዝለቅ

በመዝናኛ ፕሮግራም ከሳምንት ሳምንት የሚሻገር ቀልድ ከአዘጋጁ ወረቀት ብዙም አይወለድም። አንዱ ደዋይ ሳያስበው ጣል ያደርገዋል፣ ሌላው ሰምቶ ያነሳዋል፣ ሦስተኛው ይጨምርበታል። የአቅራቢው ሥራ ቀልዱን ይዞ ማስቀመጥና ጊዜውን ጠብቆ ለባለቤቱ መመለስ ነው። ይህ መመሪያ ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላሉ የኤፍ ኤም አዘጋጆች፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ረፋድ ላይ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ለሚይዙ ነው። ማሳያችን አንድ ጨዋታ ብቻ ይሆናል፤ እንቆቅልሽና "አገር ስጠኝ"።

እንቆቅልሽን የመረጥነው ሰሚው ሕጉን ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ነው። "እንቆቅልሽ" ሲባል "ምን አውቅልሽ" ይላል። መልሱ ከጠፋው "አገር ስጠኝ" ይባላል፤ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ተንደላቅቆ "እዚያ ሄጄ ምን አጥቼ!" እያለ መልሱን ይናገራል። ለሬዲዮ ወርቅ የሆነው ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው። የተሰጠ አገር ይቆጠራል፣ ይመዘገባል፣ "መልሱልን" ይባልበታል። ቀልዱ ያለማንም ግፊት ለሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ያስቀራል።

የሚሰጡትን አገሮች አስቀድሞ መወሰን

ከመጀመሪያው ስርጭት በፊት 12 ስሞች የያዘ ዝርዝር አዘጋጁ። አምስቱ ከከተማው ሰፈሮች ይሁኑ፦ ዓባይ ማዶ፣ ሽምብጥ፣ ቀበሌ 14፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ያሉባቸው ፔዳና ፖሊ። ቀሪው ከዙሪያው ይሁን፦ ዘጌ፣ ጢስ ዓባይ፣ መራዊ፣ አዴት፣ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ ዱርቤቴ። ደዋዩ ከዝርዝሩ ይመርጣል፤ አቅራቢው "ካሉን አገሮች ውስጥ የትኛውን ይሰጡኛል?" ብሎ ሦስቱን ያነብለታል።

ዝርዝሩን ክፍት መተው ትልቁ ስሕተት ነው። "የፈለጉትን አገር ይስጡኝ" ከተባለ አንዱ ደዋይ የወሰን ጥያቄ ያለበትን ቦታ ይጠራል፤ ጨዋታው በአንድ ቃል ከጨዋታነት ይወጣል። ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችም ዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም። ዘጌን የሰጠ ሰው ቡናዋን ሰጠ እንጂ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አልሰጠም፤ አቅራቢውም በጨዋታው ውስጥ ገዳሙን አያነሳም። ከእያንዳንዱ ስርጭት በፊት ደግሞ ዝርዝሩን ከሳምንቱ ወሬ ጋር አስተያዩ። ሐዘን ወይም አደጋ የተሰማበት ቦታ ለዚያ ሳምንት ይወጣል፤ ለምን እንደወጣ በአየር ላይ መናገር አያስፈልግም።

ለእያንዳንዱ አገር አንድ እውነተኛ መታወቂያ ጻፉ። ዘጌ ቡና አላት፣ ወረታ የፎገራ ሩዝ፣ መራዊ የቆጋ መስኖ፣ አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴና የኃይል ማመንጫ። ይህ መታወቂያ ኋላ ላይ ቀልዱ የሚያድግበት አፈር ነውና በችኮላ አትለፉት።

የአንድ ሰዓት ድልድል

ከረፋዱ 4 ሰዓት የሚጀምር ፕሮግራም እናስብ። የመጀመሪያው 4 ደቂቃ ሰላምታና የአገሮቹ ሁኔታ ነው፤ "እስካሁን መራዊና ሽምብጥ በእጃችን ናቸው" ያህል ይበቃል። ከዚያ እንቆቅልሹ ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ ወዲያው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ የሚቆይ ዘፈን ይከተላል። ዘፈኑ የገባው ለጌጥ አይደለም። ስልክ የሚመጣው፣ ስልክ ተቀባዩም የሚያጣራው በዚያ ጊዜ ነው። ጥያቄውን አንብቦ "መስመራችን ክፍት ነው፣ እየጠበቅን ነው" እያሉ ዝምታውን በወሬ መሙላት አቅራቢውንም ሰሚውንም ያደክማል።

ከዘፈኑ በኋላ ሦስት ደዋዮች ይገባሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ። ከዚያ ሌላ ዘፈን፣ ሁለተኛ ዙር፣ ኋላ የምንገልጸው የአዝማሪው የ"ተቀበል" ክፍል፣ የድምፅ መልእክቶች። በሰዓቱ ከ6 እስከ 8 ደዋይ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን እያንዳንዱ ደዋይ "ሰላም ናችሁ" ብሎ ሳይጫወት ይሄዳል። የመጨረሻው 3 ደቂቃ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያድር እንቆቅልሽ ነው፤ መልሱ አይነገርም።

የእንቆቅልሹ ምርጫ ላይ አንድ መለኪያ አለ፦ የተሳሳተው መልስ ያስቃል ወይ? "በር የሌለው ቤት" ብትሉ ሁሉም "እንቁላል" ይላል፤ ያልቃል። "ሲሄድ ቢውል ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው" ስትሉ ግን መልሱ ወንዝ ቢሆንም ባሕር ዳር ላይ አንዱ "ባጃጅ" ይላል፣ ሌላው "ባጃጅማ ቤንዚን ሲያጣ ተራ ይዞ ይቆማል" ብሎ ይሟገታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሦስት ደዋይ ያኖራል። ስለዚህ ስልክ ተቀባዩ ደዋዮቹን በመጡበት ተራ አያስገባም። መጀመሪያ ጥሩ ስሕተት፣ ቀጥሎ የባሰ ጥሩ ስሕተት፣ በመጨረሻ ትክክለኛው መልስ። ትክክለኛው ቀድሞ ከገባ ዙሩ እዚያው ሞተ።

ስልኩ

ቢያንስ ሁለት መስመር፣ አንድ ስልክ ተቀባይ፣ አንድ ቴክኒሺያን ያስፈልጋል። አቅራቢው ራሱ ስልክ እያነሳ ማጣራት አይችልም። ስልክ ተቀባዩ ለእያንዳንዱ ደዋይ አምስት ነገር ይጠይቃል፦ መጠሪያ ስም ብቻ፣ ሰፈር ወይም ከተማ፣ መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ አሁን ያለበት ቦታ፣ ሬዲዮው መዘጋቱን። የአባት ስም፣ የሥራ ቦታና የቤት አቅጣጫ አይጠየቅም፤ ደዋዩ ራሱ ሊናገር ቢጀምር አቅራቢው በትሕትና ያሳልፈዋል። የደዋዮች ስልክ ቁጥር ከስቱዲዮ አይወጣም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ብቻ ጉዳይ አይደለም።

የሬዲዮው ነገር ለምን እንደሚደጋገም ይታወቅ። የደዋዩ ሬዲዮ ከተከፈተ ድምፁ በስልኩ ተመልሶ ይገባና ያስተጋባል፣ አንዳንዴም ይጮኻል። ጣቢያው ስርጭቱን በጥቂት ሰከንድ የሚያዘገይ የማዘግያ መሣሪያ ካለው ደግሞ ደዋዩ የራሱን ድምፅ ከ7 ሰከንድ ያህል በኋላ ይሰማል፤ አፉ ይያያዛል፣ ቀልዱን መሐል ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ "ይቀንሱ" ሳይሆን "ይዝጉ፤ እኛን በስልኩ ይሰሙናል" ማለት ነው። በኢንተርኔት የሚከታተል ሰው ከኤፍ ኤም ሰሚው አልፎ አልፎ እስከ 1 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። "ቀድሞ የደወለ ያሸንፋል" የሚል ጨዋታ በዚህ ምክንያት ሩቅ ያሉትን ይበድላል፤ ከዘፈኑ በኋላ መምረጥ ግን ሁሉንም እኩል ያደርጋል።

ቴክኒሺያኑ ወደ ደዋዩ ጆሮ የሚልከው ድምፅ የስቱዲዮውን ሁሉ ይዞ የደዋዩን የራሱን ድምፅ ብቻ የቀነሰ መሆን አለበት። ይህ በድምፅ ማደባለቂያው (ሚክሰሩ) ላይ ካልተስተካከለ ደዋዩ ሬዲዮውን ዘግቶም የራሱን ማሚቶ ይሰማል። የስልክ ድምፅ በጠባቡ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ አካባቢ ስለሚያልፍ ከአቅራቢው ማይክ ጎን ሲቀመጥ ቀጭን ነው። አቅራቢው ሲስቅ የደዋዩ ድምፅ ይዋጣል። አቅራቢዎች ከማይኩ ትንሽ ራቅ ብለው እንዲስቁ፣ ከሁሉም በላይ ደዋዩ ሳይጨርስ እንዳይስቁ አሠልጥኑ።

ሒሳብ የሌለው ሰው ሚስኮል ያደርጋል። ሚስኮሉን አትናቁት፤ ጥሩ መልስ ያለው እሱ ሊሆን ይችላል። ስልክ ተቀባዩ በዘፈኑ ጊዜ ከጣቢያው መልሶ ይደውል። ደዋይን በመስመር ላይ ከ4 ደቂቃ በላይ ማቆየት ደግሞ ሒሳቡን ይበላል፣ ስሜቱንም ያቀዘቅዛል። ባጃጅ የሚነዳ ከሆነ ዳር ይዞ ሞተሩን እንዲያጠፋ ይነገረዋል፤ ካላቆመ አይገባም። ከጀልባ ወይም ከሐይቁ ዳር የሚደውልም ንፋሱ ማይኩን ስለሚመታው ጀርባውን ለንፋሱ ሰጥቶ ይቁም፤ መስመሩ ከተቆራረጠ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይላክ።

የድምፅ መልእክቶች ከፕሮግራሙ በፊት ይሰማሉ፣ ዋቭ (WAV) ወደሚባለው የድምፅ ፋይል ይቀየራሉ፣ ከ20 ሰከንድ እንዳይበልጡ ይቆረጣሉ። አንዱ በሹክሹክታ አንዱ በጩኸት ስለሚመጣ የድምፃቸውን ከፍተኛ ጫፍ −6 ዲሲቤል አካባቢ አስተካክሉ። ይህ በር በተለይ ለሴቶች ይጠቅማል። ቅዳሜ ረፋድ ገበያና ወጥ ቤት ያለች ሴት 4 ደቂቃ ስልክ ይዛ መቆም አትችልም፤ ቡና እየቆላች ግን 15 ሰከንድ ትቀዳለች። የስልክ መስመር ብቻ የከፈተ ፕሮግራም ትንሽ ቆይቶ የአምስትና የስድስት ወንዶች ማኅበር ሆኖ ይቀራል።

ስለ አጠራርም እንነጋገር። ወጣት አቅራቢ ለማያውቀው ደዋይ በ"እርስዎ" ይጀምር። ድምፁ ሲያስታውቅ "አባባ"፣ "እማማ"፣ "ጋሼ"፣ "እትዬ" ይበል፤ "ወንድም ዓለም" እና "እት ዓለም" ጎጃም ላይ ሞቅ ያለ ቦታ አላቸው። ወደ "አንተ" እና "አንቺ" የሚወረደው ደዋዩ ራሱ "አንተ በለኝ" ሲል ነው። የደዋይን የአነጋገር ዘዬ መኮረጅ ግን በየትኛውም ሁኔታ ቀልድ አይደለም። የገጠሩ ሰው አንዴ ከተኮረጀ ዳግም አይደውልም፤ ጎረቤቱም እንዲሁ።

መዝገቡ

ቀልድ የሚዘልቀው በማስታወስ ነው፤ ማስታወስ ደግሞ በጽሑፍ ነው። አንድ ደብተር ወይም ሰንጠረዥ ያዙ። በእያንዳንዱ መስመር የሚጻፈው፦ ቀኑ፣ የደዋዩ መጠሪያ ስምና ሰፈር፣ የተናገረው ቃል በቃል፣ የተሰጠው አገር፣ ቀልዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳበት ቀን፣ ማንን ሊያስከፋ እንደሚችል። ቃል በቃል መጻፉ ወሳኝ ነው። ደዋዩ "ሽምብጥን ውሰዱት፣ ጭቃውን ግን አራግፋችሁ" ካለ በሚቀጥለው ሳምንት "ሽምብጥን ከነጭቃው የሰጡን" ብሎ ማስተካከል ቀልዱን ይገድለዋል። ያሳቀው "አራግፋችሁ" የሚለው ነውና።

የድምፁም ቅጂ ይቀመጥ። ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ያለውን ብቻ ቆርጣችሁ በቀንና በአገር ስም ሰይሙት። በፕሮግራሙ ውስጥ ደጋግማችሁ የምታጫውቱት ከሆነ ባለቤቱን ደውላችሁ አስፈቅዱ። አብዛኛው ሰው ደስ ይለዋል፤ ግን በሥራ ቦታው ወይም በቤቱ ሊያስቸግረው የሚችል ነገር እናንተ አታውቁም።

አሁን ወደ መመለሱ። ቀልዱ በአንድ ፕሮግራም ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በወር ከሦስት ጊዜ በላይ አይነሳ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ደቂቃ የሚመጣ ቀልድ ማስታወቂያ ይመስላል። ሲመለስም ሁልጊዜ አንድ ነገር ተለውጦ ይምጣ። የ"አገር ስጠኝ" እድገት እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደዋይ መልሱ ጠፍቶት መራዊን ይሰጣል፤ አቅራቢው "መራዊን ተረከብን" ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ በላይ አይጫነውም። በሁለተኛው የመራዊ ሰው "ማን ጠይቆን ነው የተሰጠነው?" ብሎ ይደውላል። ይህ ደዋይ በራሱ ካልመጣ አትፈብርኩት፤ አንድ ሳምንት ጠብቁ። ሲመጣ የመመለሻው ሕግ ይታወጅለታል፦ ደዋዩ አቅራቢው መመለስ የሚያቅተውን እንቆቅልሽ ካመጣ መራዊ ነፃ ናት። በሦስተኛው አቅራቢው "ባለአገር" ስለሆነ ስለመራዊ ይፈተናል፤ ቆጋን ካላወቀ ደዋዮቹ ያዋርዱታል። በአራተኛው "ግብር" ይጠየቃል፤ ዘጌ ቡና፣ ወረታ ሩዝ ትላለች፣ ፖሊ ግን "ከተማሪ ምን ይገኛል፣ የፈተና ወረቀት እንላክ?" ይላል። ግብሩ በቃል ብቻ ይቅር። ዕቃ መቀበል ከተጀመረ ስፖንሰርና ጥርጣሬ አብረው ይገባሉ።

ልብ በሉ፣ በአራቱም ደረጃ የሚዋረደው አቅራቢው ነው። አቅራቢው ገዥ መስሎ ሲሸነፍ ሰሚው ይደውላል፤ ደዋዩ ሲሸነፍ ግን ሌላው ሰሚ ስልኩን ያስቀምጣል። አቅራቢው ብልጥ ሆኖ የሚያሸንፍበት ሳምንት ካለ አንድ ብቻ ይሁን።

አዲስ ሰሚ ሁልጊዜ አለ። ዛሬ ገና ሬዲዮ የከፈተ ሰው "መራዊ ምን ሆነች?" ብሎ ግራ ከገባው ቀልዱ የጥቂቶች ምሥጢር ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ሲነሳ በ10 ሰከንድ የሚያስገባ አንድ መስመር ይቅደም፦ "ለማያውቁ፣ ባለፈው ወር አንድ ደዋያችን እንቆቅልሽ ጠፍቶባቸው መራዊን ሰጥተውናል።" በቃ። ለምን እንደሚያስቅ ግን አይብራራ።

ቋሚ ደዋዮች በረከትም ችግርም ናቸው። አንድ ሰው በሦስት ሳምንት አንዴ ብቻ ይግባ፤ ስልክ ተቀባዩ ይህን በግልጽ ይንገረው። ያለፈውን ቦታ ለማካካስ ማዕረግ ስጡት፤ የዓባይ ማዶ ጠበቃ፣ የሐሙሲት መልእክተኛ። ማዕረግ ያለው ደዋይ ሳይገባም ስሙ ስለሚነሳ ቅር አይለውም።

ሽልማት አነስተኛ ይሁን ወይም አይኑር። የካርድ ሽልማት ሲጨምር ጨዋታውን የማይወድ፣ መልሱን ከሌላ ቦታ አንብቦ የሚደውል ሰው መስመሩን ይይዛል። ያስቃል ያልነው የተሳሳተውን መልስ ነው፤ ሽልማት ደግሞ ስሕተትን ያስፈራል።

ተቀበል

ሌላው ከአገሩ የወጣ የተሳትፎ ዓይነት የአዝማሪው ነው። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ያዜመዋል። በሬዲዮም ይሠራል፤ ግን በስልክ ላይ እያዜሙ መቀባበል አይቻልም። የስልኩ ድምፅ ስለሚዘገይ ማሲንቆውና ደዋዩ አይገናኙም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ማሲንቆው ያቆማል፤ ደዋዩ ሁለቱን ስንኝ በቃሉ ይናገራል፤ አቅራቢው ቀስ ብሎ ይደግመዋል፤ ደዋዩ "ልክ ነው" ይላል፤ ከዚያ አዝማሪው ይጀምራል። የደዋዩ መስመር ተከፍቶ ይቆይ፣ ሳቁ እንዲገባ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰሙ ሲያስቅ ወርቁ ሊወጋ ይችላል። ስልክ ተቀባዩ ግጥሙን አስቀድሞ ሙሉውን ይጻፈው፤ ቅኔ የሚሰማ ጆሮ ያለው አንድ ሰው ይየው። ወርቁ ያልተገለጠላችሁ ግጥም በዚያ ቀን አይገባም፤ ለሳምንት ይደር። ደዋዩ በአየር ላይ ግጥሙን ከቀየረው አቅራቢው አይድገመው፤ አዝማሪውም አያንሳው።

ሳቅ የሚጎዳበት ቦታ

ጣቢያችሁ የማዘግያ መሣሪያ ካለው ያልተገባ ንግግር አየር ላይ ሳይወጣ የሚቆርጠውን ቁልፍ ማን እንደሚጫን ከፕሮግራሙ በፊት ይወሰን፤ ሁለት ሰው ሲጠባበቅ 7 ሰከንድ ያልፋል። መሣሪያው ከሌለ ደዋዩን በዘፈኑ ጊዜ ቅዱትና ከዘፈኑ በኋላ አጫውቱት። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እና የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በጽሑፍ ስቱዲዮው ውስጥ ይኑሩ፤ አቅራቢ ብቻ ሳይሆን ስልክ ተቀባዩም ያንብባቸው።

ከሕጉ በፊት ግን የአካባቢው ቁስል አለ። ጣና ዳር ስለ ታንኳና ስለ ደንገል ሲቀለድ፣ ታንኳ በሚሠሩት በነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ላይ ለዘመናት የኖረው ንቀት በቀላሉ ሾልኮ ይገባል። በሸክላ ሠሪ፣ በሸማኔ፣ በቀጥቃጭ ላይም እንዲሁ። ደዋይ እንዲህ ያለ ነገር ከጣለ አቅራቢው አይሳቅ፤ አይቆጣም፤ "ወደ እንቆቅልሻችን እንመለስ" ብሎ ይቁረጥ። ዝም ብሎ ፈገግ ማለት በሬዲዮ አይታይም፤ የሚሰማው መስማማት ብቻ ነው። አዝማሪውም ስቱዲዮ ውስጥ እንግዳ እንጂ መቀለጃ አይደለም፤ ክፍያውም እንደ ባለሙያ ይሁን።

ሰውን ሳያውቅ ደውሎ ማሞኘት አንመክርም። የተሞኘው ሰው በአየር ላይ "እሺ" ቢልም ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀውን እናንተ አትሰሙም። ሕፃን ሲደውል ወላጅ በስልኩ ላይ ይፍቀድ፤ ስሙና ትምህርት ቤቱ አብረው አይጠሩ።

ማብቃት

ቀልዱ መድከሙን የሚያሳዩ ሦስት ምልክቶች አሉ። ደዋዮች ከመጨመር ይልቅ ያለፈውን መድገም ይጀምራሉ፤ አቅራቢው ከሰሚው ቀድሞ ይስቃል፤ የመግቢያው መስመር ከ10 ሰከንድ ወደ 30 ይረዝማል። ሁለቱ ከታዩ የሚያበቃበትን ቀን ቁረጡ። ለ"አገር ስጠኝ" 12 ሳምንት ደህና ዕድሜ ነው።

ማብቂያው በአየር ላይ ይደረግ። ከሁለት ሳምንት በፊት አስታውቁ፤ በመጨረሻው ቀን ያልተመለሱት አገሮች አንድ በአንድ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ። ለእያንዳንዱ ከዚያ የሚደውል አንድ ሰው ይፈለግ፤ አቅራቢው የተቀበለውን በደዋዩ በራሱ ቃል ያስረክብ፤ ሽምብጥንም "ጭቃውን አራግፈን" ብሎ ይመልስ። ደዋይ ያልተገኘለት አገር ካለ ለአንድ ሳምንት ይደር። ከዚያ በኋላ ያለው ወር ያለ ምንም ተመላላሽ ቀልድ ይሂድ። መዝገቡ ግን ክፍት ይሁን፤ በዚያ ወር ውስጥ ደዋይ የሚጥለውን ቃል ስልክ ተቀባዩ ይጻፍ፤ ሁለት የተለያዩ ሰሚዎች ሳይነገራቸው ያነሱት ቃል ካለ ቀጣዩን ቀልድ በእሱ ጀምሩ።